ቢጫ ቴፕ፣ ሰማያዊ ቴፕ

ኢንሳፍ ዓይኗ መድከሙን የሰማችው በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት በኩል ነው። በቀይ ባሕር ዳር፣ በግብፅ ሁርጋዳ፣ የሰቃላ ሰፈር ሕንፃዎች መሃላቸው ላይ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ የሚዘልቅ ጠባብ የአየር ቀዳዳ አላቸው። መታጠቢያ ቤቱም ማድ ቤቱም የሚተነፍሰው ወደዚያ ነው፤ የሽንኩርት ሽታ፣ የሳሙና ሽታ፣ የባልና ሚስት ጠብ በዚያው ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ይህን የማያውቅ የለም። ሆኖም ሁሉም የሚሰማው የጎረቤቱ ድምፅ እንጂ የራሱ አይመስለውም። የዚያን ዕለት ጠዋት ኢንሳፍ ገንዳው ዳር ተንበርክካ የትናንቱን የመጥለቂያ ዕቃ ከውሃ እያወጣች ሳለ፣ ከታች ካለው የጠላቂዎች ጀልባና ዕቃ ማከራያ ቢሮ የወንድሟ የሸውቂ ድምፅ ሽቅብ መጣ። ስልክ ላይ ነበር። ስልክ ላይ ሲሆን ደግሞ ሰውየው ወዲያኛው ዳርቻ ቆሞ የሚሰማው ይመስል ይጮኻል።

«ልክ ነዎት ዶክተር፣ ልክ ነዎት። የካሜራውን ሣጥን የዘጋችው እህቴ ናት። ዓይኗ ደክሟል፤ እኛም አላወቅንም፣ ደብቃን ኖሯል። ፀጉር ይሁን አሸዋ ጎማው ላይ የተቀመጠውን አላየችውም። ሃይሰም? ኧረ ሃይሰም አልነካውም! ልጄ ስለሆነ አይደለም። ዛሬ ከምሳ በኋላ ሲመጡ እሷ ራሷ ይቅርታ ትጠይቅዎታለች። ከዛሬ ወዲያማ ዕቃ አትነካም፤ ላይ ቤት ከባለቤቴ ጋር ትሆናለች። ለክበቡ አባላትም እንዲሁ ብለው ይንገሩልኝ።»

ኢንሳፍ እጇ ላይ የነበረውን የመተንፈሻ ቱቦ አላስቀመጠችም። መነጽሯን አወለቀችና በቱቦው አንገት ላይ የተቀረጸውን ደቃቅ ቁጥር ለማንበብ ሞከረች፤ አልሆነላትም። መልሳ አደረገችው፤ ቁጥሩን አነበበች። ባሏ በሕይወት ሳለም እንዲሁ ነበረች። መነጽር ያደረገ ሁሉ ዓይኑ ደክሟል ከተባለ ሸውቂም፣ ሚስቱም፣ ስልክ ላይ ያሉት የጥርስ ሐኪምም ዕውሮች ናቸው። ይህን ካረጋገጠች በኋላ ቱቦውን አራግፋ ሰቀለችው፤ ቀጣዩንም አወጣች።

ገንዳው ሮዝ ነው። የሸውቂ ሚስት ናግዋ ከካይሮ አስመጥታ ያስገጠመችው ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እየመጡ ጠርዙን ዳስሰውታል፤ እስከ ዛሬ ግን አንድም ሰው ገላውን አልታጠበበትም። ጨው የሌለው ውሃ እዚህ ከተማ በቦቴ ነው የሚመጣው፤ የቦቴው ዋጋ ደግሞ በየወሩ ይጨምራል፤ ሾፌሩም ጭማሪውን የሚናገረው ቱቦውን ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ከነቀለ በኋላ ነው። ስለዚህ ሸውቂ ሕግ አወጣ፤ የቦቴው ውሃ መጀመሪያ ለካሜራ፣ ቀጥሎ ለመተንፈሻ፣ የተረፈው ለሰው። ታች ግቢ ውስጥ ያለው የሲሚንቶ ገንዳ ለጎማ ልብስና ለእግር መቅዘፊያ ነው፤ የጥሩ ደንበኛ ዕቃ ግን ሮዙ ገንዳ ውስጥ ያድራል። ቤተሰቡ ከገንዳው ጎን ቆሞ በጆግ ይታጠባል። ናግዋ እንግዳ ሲመጣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ትዘጋለች፤ ሮዝ ገንዳ ያለው ቤት ውስጥ በጆግ እንደሚታጠቡ እንዳይታወቅባት።

ይህን ሕግ ኢንሳፍ አልተቃወመችም። ጨው በማለቅለቅ እንደማይሄድ ታውቃለች። ሰው አንድ ጆግ ያፈስበትና ጨርሻለሁ ይላል። ጨው ግን ቡሎኑ ጥርስ ሥር፣ የመጫኛው ቁልፍ አንገት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ውሃው ሲደርቅ እሱ ይቀራል፣ ከዚያ ብረቱን መብላት ይጀምራል። መዘፍዘፍ አለበት። እየተዘፈዘፈም እያንዳንዱን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን፣ እያንዳንዱን ማዞሪያ ማዞር ያስፈልጋል፤ ውሃው እስከ ሥሩ እንዲገባ። ኢንሳፍ ይህን የምትሠራው ሌላው ሰው ቴሌቪዥን በሚያይበት ሰዓት ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነው።

ማድ ቤት ስትገባ ናግዋ እንቁላል በባስተርማ፣ በቅመም በደረቀው ውድ ሥጋ፣ ጠብሳ ጠበቀቻት። ናግዋ ባስተርማ የምታወጣው ወይ ለእንግዳ ነው ወይ ለበደለችው ሰው፤ ኢንሳፍ እንግዳ አይደለችም። «ብዪ እንጂ እህት ዓለም፣ ምን ትሽኮረመሚያለሽ? ዛሬ ደግሞ ሥራ አታብዢ» አለቻት። ከዚያ ስለ ቲማቲም ዋጋ አወራች፤ ባለ ሱቁ ከላይ ቀዩን፣ ከሥር አረንጓዴውን እንደሚደረድር፣ ይህ ሁሉ ሌብነት አላህን ካለመፍራት እንደሚመጣ። ኢንሳፍ ጉርሷን እያላመጠች ታዳምጥ ነበር። ጥግ ላይ አንድ ጆንያ ሙሉ ወጥ የሚሠራበት የሞሎኪያ ቅጠል ከነግንዱ ተደግፎ ቆሟል። ለሁለት ሴት ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ቅንጠሳ ነው።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አለች ኢንሳፍ።

«ርካሽ ስላገኘሁት ነው። ከነገ ጀምሮ አብረን እንቀነጥሳለን፤ እያወራን። ብቻዬን ስቀነጥስ ወገቤ ይሞታል።» ናግዋ ይህን ስትል ወደ ጆንያው እንጂ ወደ ኢንሳፍ አላየችም። ምጣዱን ወሰደችና ንጹሑን ምጣድ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ማድ ቤት ውስጥ፣ አንዷ የታጠበ ምጣድ እያጠበች፣ ሌላዋ ያለቀ እንቁላል በዳቦ እየጠረገች ትንሽ ቆዩ። ጆንያው ትናንት ማታ እንደተገዛ ግልጽ ነበር። ፍርዱ ከክሱ በፊት ገበያ ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

የሥራ ክፍሏ ከምድር ቤቱ በስተኋላ ነው፤ ከፊት ሸውቂ ለደንበኛ ሻይ የሚያቀርብበትና የዓሣ ሥዕል የተለጠፈበት ቢሮ፣ ከኋላ መስኮት የሌለው የእሷ ክፍል። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ መብራት፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ፣ የጥርስ ብሩሾች፣ ነሐስ የምታጸዳበት አቼቶ በሻይ ብርጭቆ፣ ዚፕ የምትቀባበት የሰም ቁራጭ። ካሜራ ውሃ ውስጥ የሚገባው በአልሙኒየም ሣጥን ነው፤ ሣጥኑ ሲዘጋ በከንፈሩ ዙሪያ ባለው ቦይ ውስጥ አንድ የጎማ ቀለበት ይቀመጣል፤ ኦሪንግ ይሉታል። በባሕርና በካሜራው መሃል ያለው ያ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ውሃውን የሚከለክለው ግራሶው ይመስለዋል። ግራሶ ምንም አይከለክልም፤ ጎማው ሳይጣመም፣ ሳይቆረጥ በቦታው እንዲተኛ ያንሸራትተዋል እንጂ። ሲበዛ እንዲያውም ጠላት ነው፤ አሸዋውንም ፀጉሩንም ጠርቶ ያስተኛል። ኢንሳፍ ቀለበቱን በሁለት ጣቷ መሃል ቀስ ብላ ታሳልፈዋለች፤ ቅንጣት ካለ የሚያገኘው ጣት ነው፣ ዓይን የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ከዚያ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ግራሶ ትቀባለች፤ ጎማው እንዲያበራ እንጂ እንዲነጣ አትፈቅድም። የግራሶዋ ቱቦ ከትንሽ ጣት አትበልጥም፤ ዋጋዋ የአንድ ኪሎ ሥጋ ነው። ሸውቂ በየጊዜው «ከፋርማሲ ቫዝሊን ብንገዛስ?» ይላል፤ እሷም በየጊዜው ቫዝሊን ይህን ዓይነቱን ጎማ እንደሚያሳብጠው ትነግረዋለች፤ እሱም በየጊዜው እንደ አዲስ ይገረማል።

አንድ ደንብ አለ፤ ከሸውቂ ሕግ የሚበልጥ፣ በጀልባው ላይ ያለ ሁሉ የሚያውቀው። የዘጋ ይጠየቃል። ሣጥኑን የዘጋ ሰው መቆለፊያው ላይ የራሱን ቴፕ ይለጥፋል፤ የኢንሳፍ ቢጫ ነው፣ የሸውቂ ልጅ የሃይሰም ሰማያዊ። ቴፑን ያነሳ ሰው ሣጥኑ የእሱ ሆነ፤ መልሶ ሲዘጋ የራሱን ይለጥፋል። ትናንት የዶክተሩ ሣጥን ከጠረጴዛዋ ሲወጣ ቢጫ ነበረበት። ማታ ተመልሶ ሲመጣ ውሃ ነበረበት፤ ቴፕ ግን አልነበረበትም፤ ቢጫም ሰማያዊም።

ሣጥኑ አሁን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ካሜራው ውስጥ የደረቀው የባሕር ውሃ በቁልፎቹ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል፤ የባትሪው ጫፎች አረንጓዴ ሆነዋል። ለዚህ ከእንግዲህ የሚደረግ የለም። ኢንሳፍ ያየችው ቦዩን ነው። ዙሪያውን በግራሶ ተሞልቷል፤ ዳቦ ላይ እንደተቀባ ቅቤ፣ የአውራ ጣት አሻራ ያለበት። መሃሉ ላይ አንዲት የሩዝ ፍሬ ተጨፍልቃ ነበር። የተቀቀለ ሩዝ። ሩዝና ዓሣ የሚበላው ደግሞ እዚህ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ጀልባው ላይ ነው። ሩዙን በመቆንጠጫ አንስታ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችና ትንሽ አየችው። ይህን ሊያይ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ኖሮ ጥሩ ማስረጃ ነበር።

የጀልባው ካፒቴን መትወሊ የእርሳስ ክብደት ማስቀመጫውን ሊመልስ ሲገባ ሩዙን እያየች ነበር። መትወሊ ትልቅ ሆድና ትንሽ ድፍረት ያለው ሰው ነው፤ ሁለት ወንዶች ልጆቹ በሸውቂ ጀልባ ላይ ይሠራሉ።

«እትዬ ኢንሳፍ፣ ጀልባዬ ላይ ዕቃሽን ረስተሻል» አለና ጣቱን ዘረጋ። ጫፉ ላይ ቢጫ ቴፕ ተጣብቋል። «የሻይ ማንቆርቆሪያዬ ጆሮ ላይ ነው ያገኘሁት።»

«ማን አነሳው?»

«ማን ያነሳዋል? ነፋስ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ኢንሳፍ አልሳቀችም። መትወሊ ወደ ቢሮው በር አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ራሱ ዶክተሩ ነው። ምሳ ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ የጥርስ ደንበኞቹ ይሁኑ የልብ እንጃ። ‹ያነሳኋትን ኤሊ ላሳያችሁ፣ ሃይሰም ክፈተው እስቲ› አለ። ልጁ ሳህኑን በአንድ እጁ እንደያዘ ከፈተለት። አዩ፣ ተሳሳቁ፣ አንዷ እንዲያውም ‹ኤሊዋ አክስቴን ትመስላለች› አለች። ከዚያ ያ ያንቺ የወንድምሽ ልጅ ግራሶውን እንደ ኬክ ክሬም ለቀለቀበትና ዘጋው። እኔ መሪ ይዤ ነበር፤ ግን ዓይን አለኝ።»

«ጥሩ ነው አንድ ሰው እንኳ ዓይን ያለው መገኘቱ። ዛሬ ሲመጣ ይህንኑ ፊቱ ትናገራለህ?»

መትወሊ የክብደት ማስቀመጫውን ሲያስቀምጥ በጣም ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ሆነበት። «እኔ የባሕር ሰው ነኝ እትዬ። መሬት ላይ ምን አውቃለሁ?»

«መሬት ስትረግጥ ምላስህ ይዝጋል ማለት ነው።»

«እንግዲህ እሱንም ግራሶ ቀቢልኝ» አለና በራሱ ቀልድ ሆዱን እያነቃነቀ ወጣ። ቢጫውን ቴፕ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጥፎላት ሄደ።

ኢንሳፍ ነገሩ አሁን ሙሉ በሙሉ ገባት። ካሜራው የዶክተሩ የግሉ አይደለም፤ የካይሮ ሐኪሞች የዋና ክበብ ንብረት ነው፤ ዶክተር ለቢብ የክበቡ ሊቀ መንበር ናቸው። ለክበቡ ‹ሴቶች ላሳይ ብዬ አስከፈትኩት› ከማለት ‹አንዲት ዓይኗ የደከመ አሮጊት አበላሸችው› ማለት ይቀላል። ሸውቂ ደግሞ በመጪው ጸደይ ሃይሰም የክበቡን ቡድን እየመራ ወደ ደቡብ እንዲወርድ ይፈልጋል፤ ግድየለሽ ነው ከተባለ ቡድኑ ለጎረቤት ጀልባ ይሄዳል። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ሰው ነው፤ ክፉ ያልሆነ፣ ቢናገር የማይሰማ፣ ሲነሳ ቦታው ጎልቶ የማይታይ። ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ አልተገኘም። በጣም የደነቃት ግን አለመቸኮላቸው ነው፤ ዓይኗን ሲወስዱባት እንኳ ጠዋት ዝግ ብለው፣ ሻይ እየጠጡ ነው።

ሸውቂ ከቀትር በፊት መጣ። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ መጣ፤ ለእህቱ ሻይ አምጥቶ አያውቅም። የአየር መሙያው መኪና ማጣሪያ ዋጋ ስንት እንደገባ ነገራት። ነፋሱ ነገ ይነሳል መባሉን ነገራት። ከዚያ ወንበር ስለሌለ አንድ የአየር ሲሊንደር ላይ ተቀመጠ። እሷ አንድ ሣጥን ይዛ ነበር፤ ከማይዝገው ብረት የተሠሩትን ቡሎኖች እየፈታች ክሩ ላይ ግራሶ ትቀባለች። አልሙኒየምና ያ ብረት ጨው መሃላቸው ከገባ አንዱ ሌላውን ይበላል፤ የሚበላው ሁልጊዜ ለስላሳው ነው፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይፈርሳል፤ ጠንካራው አንድም ነገር እንዳልሆነ ያበራል። ሸውቂ እጇን እያየ ዝም እንዳለ ቆየ። ልጅ ሳሉ አባታቸው አንዱን ሲመታ ሌላው እንዲህ ነበር ዝም የሚል።

«በቀዳዳው ሰምተሻል መሰለኝ» አለ በመጨረሻ።

«ምን?»

«ኢንሳፍ፣ አታድክሚኝ።»

«እኔማ እንዳላደክምህ ነው። ደክሟል የተባለው ዓይኔ ነው።»

ሸውቂ ሻዩን ፉት አለ፤ ትኩስ ስላልነበር የሚያቃጥለው ነገር ሻዩ አልነበረም። «ሰውየው ሃያ ሐኪም ያመጣልናል። ልጁ ገና ስሙን እየሠራ ነው፤ ስም ደግሞ አንዴ ከተበላሸ አይመለስም። አንቺ ምን ይጎድልብሻል? ላይ ቤት አለሽ፣ ምግብ አለ፣ ታርፊያለሽ። አንድ ይቅርታ ነው፤ ሁለት ቃል።»

«እጇ ተንቀጠቀጠ ብትል አይሻልም ነበር? ዓይን ሐኪም ጋ ወስዶ ያስመረመረኝ እንደሆነስ?»

«የጥርስ ሐኪም ነው፤ ዓይን አያይም» አለ ሸውቂ፤ ከልቡ ነበር የተናገረው። ኢንሳፍ ያን ጊዜ ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር። «ስሜስ?» ማለት ፈልጋ ተወችው። ወንድሟ ስም ያለው ወንድ ልጁ ብቻ እንደሆነ ሳያስበው ነግሯት ጨርሷል፤ ሳያስብ የተናገረን ሰው ማረም የእጅ ሥራን ያህል ጊዜ ይወስዳል። «እመጣለሁ» አለች። ሸውቂ ተነሳ፣ ትከሻዋን ዳበስ አደረገ፣ የእሱን ብርጭቆ ይዞ የእሷን ትቶ ወጣ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የነበረውን ቢጫ ቴፕ አይቶ አልፎታል።

ዶክተር ለቢብ ከምሳ በኋላ መጡ፤ ጸጉራቸው ከጫማቸው የጠቆረ፣ ሽቷቸው ቀድሟቸው የሚገባ ሰው ናቸው። ሸውቂ በሩ ላይ ተቀበላቸው፣ ሃይሰም አንገቱ ላይ ነጭ ፎጣ ጠምጥሞ ቦርሳቸውን ተቀበለ። ኢንሳፍ ቢሮው መሃል ቆመች። ከሁሉም በፊት ያየችው ዶክተሩ ሊያዩዋት አለመቻላቸውን ነው፤ የሚናገሩት ለግድግዳው ዓሣ ነበር።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። ሁለት ቃል ነበር የተባለችው፤ ሦስተኛ አልጨመረችም።

«ሐጃ፣ ሐጃ፣ ምን ይቅርታ አለ!» አሉ ዶክተሩ። ኢንሳፍ መካ ሄዳ አታውቅም፤ የዶክተሩ ዕድሜም ከእሷ ዕድሜ አያንስም። «እናቴ እኮ ነሽ አንቺ። የእናት ስህተት ስህተት አይባልም። ክበቡ በጣም አዝኗል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ካሜራው ውድ ነው፤ እኔ ግን ‹አሮጊት ናት፣ ተዉ› አልኳቸው። ዓይን ዕድሜ ይወስደዋል፤ ዓይንና ጥርስ። ጥርስሽ እንዴት ነው?»

«ሁሉም አለ፤ ይነክሳል» አለች ኢንሳፍ።

ዶክተሩ ሳቁ፣ ሸውቂ ከእሳቸው በላይ ሳቀ፣ ሃይሰም ስልኩን እያየ ሳቀ። ነገሩ እንዲህ ቀሎ አለቀ። ዶክተሩ ይቅር በማለታቸው ራሳቸው ላይ የወረደውን ጸጋ ለመቋቋም ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ ሻይ ቀረበላቸው። ከዚያ ከቦርሳው አንድ አዲስ ሣጥን አወጡ፤ ውስጡ አዲስ ካሜራ። «ይሄ የክበቡ አይደለም፤ የራሴ ነው። በራሴ ገንዘብ ገና ባለፈው ሳምንት ነው የገዛሁት። ጨዋማ ውሃ ነክቶት አያውቅም። ዛሬ ከሰዓት እወርዳለሁ፤ እስቲ ሃይሰም ራሱ ይዝጋልኝ። ጎበዝ ነው፣ ዓይኑ የጭልፊት ነው።»

ሁሉም ወደ ኋላ ክፍል ገቡ። ሃይሰም በኢንሳፍ ጠረጴዛ ላይ ሣጥኑን ሲያስቀምጥ የእሷን መብራት ወደ ራሱ አዞረ፤ ያ መብራት ከቦታው ሲነቃነቅ የመጀመሪያው ነው። የጎማውን ቀለበት ከቦዩ በጥፍሩ ነቀለ። አንገቱ ላይ ባለው ፎጣ ጠረገው፤ በፎጣ! የግራሶዋን ቱቦ እንደ ጥርስ ሳሙና ጨምቆ በአውራ ጣቱ ቀባው፤ ነጣ። እያወራ ነው የሚሠራው፤ ትናንት ስላዩት ኤሊ፣ ነገ ስለሚያዩት ሻርክ። ዶክተሩ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው እንደ አባት ያዩታል። ኢንሳፍ በሁለቱ ትከሻ መሃል ቆማ ነበር። ሃይሰም ቀለበቱን ወደ ቦዩ ሲመልሰው ከፎጣው የወጣች አንዲት ነጭ ክር ጎማውን አቋርጣ፣ ከመቆለፊያው አጠገብ ባለው ማዕዘን ላይ ተጋደመች። ከሽፋሽፍት አትበልጥም። ነጭ ግራሶ ላይ ነጭ ክር፤ ያችን ማየት ለማንም ቀላል አልነበረም። መነጽሯን ያደረገችው ኢንሳፍ ግን ጠማማነቷን ሳይቀር ታያለች።

«ሳይጓዝ ገንዳው ውስጥ ነከር አድርገን አረፋ ይወጣው እንደሆነ አንይም?» አለ ሸውቂ። ልማድ ነው፤ እሷ ያስተማረችው ልማድ።

«አባዬ፣ ጀልባው እየጠበቀ!» አለ ሃይሰም። ዶክተሩ ሰዓታቸውን አዩ። ሸውቂ ደግሞ ሌላ ልማድ መጣበት፤ ሣጥን በተዘጋ ቁጥር የሚያደርገውን አደረገ። ሳያስበው ወደ እህቱ ዞረ። «ኢንሳፍ፣ እንዴት ነው? ይሁን?»

ዶክተሩ ቅንድባቸውን አነሱ። «እሷን ነው የምትጠይቀው?» አሉ እየሳቁ።

ኢንሳፍ አንድ ቃል ብትል ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር። ‹ክር› ብትል በቂ ነው። ሃይሰም ይከፍተዋል፣ ክሯን ያነሳል፣ ‹አይ አክስቴ!› ብሎ ይስቃል፣ ዶክተሩ ‹አሮጊቷ አንዳንዴ ታያለች› ይላሉ፤ ከዚያ ጀልባው ይሄዳል፣ ካሜራው ደርቆ ይመለሳል፤ እሷም ነገ ጠዋት ሞሎኪያ ትቀነጥሳለች። ወንድሟን አየችው። ወንድሟ መልስ ይጠብቃል። ጠዋት በቀዳዳው የተናገረውን ራሱ አምኖት ቢሆን ኖሮ አይጠይቃትም ነበር፤ ያላመነበትን ውሸት ነው በስሟ የሸጠው።

«እኔ ምን አያለሁ ወንድሜ?» አለች። «ዓይኔ ደክሟል።»

ሸውቂ አንገቱ ቀላ። ሃይሰም መቆለፊያውን ጠቅ አድርጎ ዘጋው። ሣጥኑን ብድግ ሲያደርግ ኢንሳፍ ከመሳቢያው ሰማያዊውን ቴፕ አውጥታ ዘረጋችለት።

«ቴፕህን አትርሳ እንጂ፣ የኔ ጭልፊት። የዘጋ ይለጥፋል።»

«ኑሪልኝ አክስቴ!» አለና ለጠፈው፤ ዶክተሩ እንዲያዩለት በደንብ፣ በሁለቱም መቆለፊያ ላይ። በዚህ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ቀጥ ብሎ የተለጠፈ ሰማያዊ ቴፕ ታይቶ አይታወቅም።

ጀልባው ሲወጣ ኢንሳፍ መብራቷን ወደ ቦታው መለሰች፣ የጥርስ ብሩሾቹን አጠበች፣ የግራሶዋን ክዳን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች፤ ቢጫውን ቴፕ ከጠረጴዛው ጠርዝ አንስታ እጅጌዋ ላይ ለጠፈች። ከዚያ ወደ ላይ ወጣች። ናግዋ ማድ ቤት ጆንያውን ፈትታ ተቀምጣለች። «መጣሽ? ነይ፣ ቢላውን እዚያ» ብላ ጀመረች፤ ኢንሳፍ ግን አልፋት መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ቆለፈች። ከሮዙ ገንዳ ውስጥ የቀሩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ አወጣች፤ መተንፈሻዎቹን በሥርዓታቸው ሰቀለች፣ ቢላዋዎቹን አደረቀች፤ እነሱ ምንም አልበደሏትም። ጨዋማውን ውሃ ለቀቀች፣ ገንዳውን ፈተገች፣ ከዚያ የቦቴውን ውሃ ከፈተች። እስከ ጠርዙ ሞላችው።

ናግዋ በሩን መታች። «ምን እያደረግሽ ነው? የቦቴው ውሃ ነው እኮ የሚፈሰው!»

«እየተዘፈዘፍኩ ነው» አለች ኢንሳፍ።

ኢንሳፍ መጀመሪያ የባዳ ዕቃ ይመስል ጠርዙን ይዛ ውሃው ውስጥ ተቀመጠች፤ ቀስ በቀስ ግን ጀርባዋን አስደገፈች። የጣቶቿን ጥፍር ሥር፣ የአንጓዎቿን ስንጥቅ አየች፤ ለዓመታት ሲገባበት የኖረ ጨውና አቼቶ ነው፤ በአንድ ቀን አይለቅም። አልተጣደፈችም። የመስኮቱ ብርሃን ከነጭ ወደ ብርቱካን ሲቀየር፣ ከታች ቢሮው ውስጥ ስልክ ጮኸ። የሸውቂ ድምፅ በቀዳዳው ሽቅብ መጣ።

«እንዴት? ውሃ ገባበት? የት ላይ? ገና ጠልቀው ሳይወርዱ? ገንዘቡን እንከፍላለን ዶክተር፣ ግን እባክዎ ቀስ ብለው... አዎ። አዎ፣ ሰማያዊው የሃይሰም ነው። አዎ፣ ሲዘጋ እርስዎም ቆመው ነበር።» ከዚያ ስልኩ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ከዚያ ደግሞ የራሱ ድምፅ የማይሰማ የሚመስለው ሰው በቀዳዳው ወደ ላይ ጮኸ፤ «ኢንሳፍ! ኢንሳፍ! ኧረ ነይ አንዴ፣ ሣጥኑ ሲመጣ እዪልኝ!»

ናግዋም በሩን መደብደብ ጀመረች። «እየጠራሽ ነው እኮ! አትሰሚም እንዴ?»

ኢንሳፍ መነጽሯን አውልቃ የሳሙና ማስቀመጫው ላይ አደረገችና ውሃው ጆሮዋን እስኪሸፍነው ድረስ ወደ ታች ተንሸራተተች። ነገ ጆሮዋም ደክሟል ይሉ ይሆናል። ይበሉ።